«እርስዎ» የተባለች እናት

በቦንጋ ኮማንደር የሺሃረግን «እርስዎ» የማይል ሰው የለም። በዞኑ የመጀመሪያዋ ሴት የፖሊስ አዛዥ ናትና ሽማግሌ ሳይቀር ባርኔጣውን አንሥቶ ነው የሚያናግራት። ክብሩስ ደግ ነበር... ግን አንዲት ልጇም «እርስዎ» ትላታለች! የወለደችውን እናት «አንቺ» የማይል ልጅ የት አገር ታይቷል?

ባሏ ኢያሱ በወባ ሲሞት ልጇ ትሁት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። የሺሃረግ ያኔ ተራ ኮንስታብል ናት፤ ዛሬ ሺሺንዳ፣ ነገ ሌላ ወረዳ ትመደባለች። ሕፃን አዝሎ ግዳጅ አይወጣም። ቢታ ገነት ላለችው ታላቅ እህቷ ለሰብሌ ሰጠቻት። «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ነበር። ሁለቱ ዓመት አሥራ ስድስት ሆነ... ትከሻዋ ላይ ማዕረግ በተጨመረ ቁጥር ወደ ቢታ የምትሄድበት ቀን እየተመናመነ ሄደ።

ሰብሌ ክፉ ሴት አልነበረችም። በታናሽ እህቷ ትኮራ ነበር፤ ጉዱን የሠራው ያው ኩራቷ ነው። የሺሃረግ በዓመት አንዴ በመንግሥት መኪና ስትመጣ ሕፃኗን ብድግ አድርጋ እጅ ታስነሳለች፣ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» እንደሚባል ታስተምራለች። ሰብሌ ራሷን ግን «አንቺ» አስባለቻት። መቶ ፖሊስ የምታዘው የሺሃረግም ይህችን «እርስዎ» ማረም አቃታት። ጥላ የሄደች እናት በምን አፏ ታርማለች?

አዛዥ ሆና በተሾመችበት ቀን አዳራሹ ሲጨበጨብላት ስልኳ ዝግ ነበር። ገና ስትከፍተው ትሁት ደወለች።

«ኮማንደር፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለቻት። «እናቴ ሞተች።»

ሰብሌን ማለቷ ነው። የሺሃረግ በየትኛው ታልቅስ? በእህቷ ሞት ወይስ በዚያች ቃል?

ቀብር ላይ ልጅቷ ሬሳው ላይ ተደፍታ «አንቺ እናቴ፣ ለማን ጥለሽኝ?» እያለች ስታነባ ሰማች። እግዜር ይቅር ይበላትና፣ የሺሃረግ በገዛ እህቷ ሬሳ ቀናች።

አርባው ሲያልፍ ትሁትን ይዛ ቦንጋ ገባች። አልጋ አነጠፈችላት፣ በእጇ አጎረሰቻት። ልጅቷም ጎርሳ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ እንደ እንግዳ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሺሃረግን አላስቻላትም። ነጠላዋን ደርባ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«ልጄ... አንዴ ብቻ አንቺ በይኝ።»

ትሁት ደንግጣ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ግን እንቢ አላት። እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«እሺ ኮማንደር» አለች፤ «እርስዎ ካሉ።»

አይ ዕጣ! ለአንዷ ልጅ ይሰጣል፣ ለአንዷ ማዕረግ። ሁለቱንም ያገኘችው የሺሃረግ ግን ዛሬም አንዲት ቃል ትጠብቃለች... ይህንንስ ማን ይዘዝላት?