ልጓሙን የያዘው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ «በቀትር ወንዝ ዳር አትሂድ፣ የቀትር ጋኔን አለ» ሲሉኝ «ጋኔኑ ምሳ አይበላም እንዴ?» እል ነበር፣ ለዚህም ስንት ጊዜ ተቆንጥጫለሁ። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፣ እንጅባራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅርብኝ፣ እንጀራዬ ነው) የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፣ ማሽን ከተበላሸ ምክንያት አለው ብዬ ነው የማምነው። የዚያን ቀኑ ግን፣ ተወው፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ፋየርዎል የምንለው ዕቃ አለ፣ ከውጭ የሚመጣውን ኢንተርኔት እንደ በር ጠባቂ የሚፈትሽ፣ እሱ ከቆመ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይቆማል። ሶፍትዌሩ አርጅቶ ነበርና መታደስ ነበረበት፣ አለቃችንም ቀን መረጠ። የትኛውን ቀን? የጥር ጊዮርጊስን! ፈረሰኛው ሁሉ ለጉግስ የሚወጣበትን፣ ከተማው ነቅሎ ሜዳ የሚወርድበትን ቀን! «ሰው የለም፣ ማንም አይጮህብንም፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት» አለኝ። እሱ ራሱ ባህር ዳር ሠርግ ነበረበት፣ ይታይህ።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ዕድሜውን ፈረስ ላይ የጨረሰ አገው ነው። ልቡን ታሞ ሐኪም ፈረስ ከከለከለው ቆይቷል፣ እሱ ግን «ዘንድሮ አንዴ ልውጣ፣ ከዚያ ጊዮርጊስ ያውቃል» ብሎ ድርቅ አለ። ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ልጓሙን እንድይዝለት። በእኛ ቤት ወግ ሽማግሌ ፈረስ ላይ ሲወጣ ልጓም የሚይዝለት የበኩር ልጁ ነው፣ ልጅ እያለው ጎረቤት ከያዘለት አለቀ፣ አልወለደም ማለት ነው። «እመጣለሁ አባባ፣ ሥራዬ የግማሽ ሰዓት ናት» አልኩት፣ እኔ ሞኙ የአለቃዬን ቃል ይዤ።

ጠዋት ገባሁ፣ አዲሱን ሶፍትዌር ጫንኩ፣ ዕቃው ጠፍቶ ሊነሳ ሲል ድርግም! መብራት ሄደ። መጠባበቂያ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ግዙልን ብለን ብንለምን ማን ሰምቶን። ጀነሬተር ላስነሳ ብዬ ወደ ጥበቃው ወደ ጋሽ ይስማው ሮጥኩ፣ የለም። ስደውልለት በእልልታና በጩኸት መሀል «ልጄ፣ እኔ ሜዳ ነኝ፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው፣ ፈረስ ለማየት አትመጣም እንዴ?» አለኝ። ሰው የማይኖርበትን ቀን ስንመርጥ ቁልፉም ከሰው ጋር እንደሚሄድ ማን አሰበው!

መብራት ሲመለስ ፋየርዎሉ ይነሳል፣ ግማሽ መንገድ ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ላፕቶፔን በገመድ ሰክቼ አሮጌውን ሶፍትዌር ልመልስበት ብል፣ ወይ ፍንክች! ጥዬው እንዳልሄድ በማግስቱ ከየወረዳው ባለጉዳይ ይመጣል። አለቃዬ እየደወለ «ምን ላይ ደረስክ?» ይላል፣ እህቴ ጥሩወርቅ ደግሞ «አባባ ዳማ ፈረሱን ጭኖ መንገድ መንገድ እያየ ነው፣ የት ቀረህ?» ትላለች። ኋላ ሜዳው ላይ ሰው ሲበዛ የስልኩም ኔትወርክ ተጨናንቆ ዝም አለ። እመነኝ፣ አለቃዬን ያን ሰዓት ባገኘው ዛሬ የምጽፍልህ ከእስር ቤት ነበር።

ቀትር ላይ ነው። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፣ ይህን ያዝልኝ፣ ፎቅ። ከኮሪደሩ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ሴራሚኩ ላይ። ከሜዳ የመጣ ድምፅ ነው አልኩ፣ ሜዳው ግን ከከተማው ማዶ ነው። ቀጥሎ የልጓም ብረት ጥርስ ላይ ሲንቀጫቀጭ፣ ቀጥሎ ፈረስ ሲተነፍስ፣ እዚያው በሩ ሥር። ላብና ኮርቻ ሸተተኝ። «ጋሽ ይስማው!» ብዬ ጮህኩ። በሩን ከፈትኩ፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው። የቀኝ መዳፌ ሲያቃጥለኝ ባየው፣ ጠፍር የጎተተ ሰው እጅ ላይ የሚወጣው ዓይነት ቀይ ሰንበር ተጋድሞበታል። ይህን እያየሁ ከጀርባዬ ፋየርዎሉ ጢጥ አለ። በአሮጌው ሶፍትዌር ተነስቶ ይሠራል፣ እኔ ደግሞ አልነካሁትም።

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ጉግሱ አልቋል፣ ቤት ሄድኩ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምለምን እያሰብኩ ስገባ ጥሩወርቅ ተቀበለችኝ።

«አንተ፣ አባባን ካወረድከው በኋላ እህል ሳትቀምስ የት ጠፋህ?»

«መቼ?»

«መቼ ይለኛል እንዴ! ልጓም ይዘህ ሜዳውን ስታዞረው አገር አይቶህ የለም? ጋቢውንስ ከየት አመጣኸው?»

ጋቢ የለኝም። ከጠዋት ጀምሮ በጃኬት ነበርኩ።

«ተዪው፣ ሥራውን ጥሎ ነው የመጣልኝ» አለ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ። እጄን ሳበና ሰንበሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ዳማው ነው የጎተተህ፣ አይዞህ። በጆሮዬ ያልከኝንም ለማንም አልናገርም፣ ይዤው እሄዳለሁ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ፊቱን ባየህልኝ! እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፣ ነገሩን ትቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞተ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «የልጅ ወጉን አደረሰለት» እያለ መረቀኝ፣ ምርቃቱ እንደ ኮሶ መረረኝ። ጋሽ ይስማው እንኳ ተቀይሞኛል፣ «ቁልፍ ፈልገህ ሜዳ ድረስ የመጣህ መስሎኝ ብዘረጋልህ አንገትህን ደፍተህ አለፍከኝ» ይላል። አለቃዬም ድንኳን ድረስ መጥቶ አጽናናኝ፣ ሲነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያቺ ሥራ እኮ አልተጠናቀቀችም» አለኝ።

ማን እንደነበር አላውቅም፣ ጊዮርጊስ ይሁን የቀትር ጋኔን አልመራመርም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በእኔ ድምፅ ለአባቴ አንድ ነገር ተነገረው፣ በዚያ ደስ ብሎት ሞተ፣ እኔ ልጁ ግን ምን እንደተባለ አላውቅም።

ዳማውን አሁን የማበላው እኔ ነኝ። ከውርንጭላነቱ ያሳደግኩት ፈረስ ነው፣ ገብስ በመዳፌ ይዤ ስጠራው ይመጣል፣ አጠገቤ ሲደርስ ግን ይቆማል፣ ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ እያየ ጆሮውን ይቀስራል። ገብሱን እዚያ ካላስቀመጥኩለት አይበላም።