የባክቴሪያዋ አገር

«እዩዋት እንግዲህ!» አሉ ቲቸር እንድሪያስ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ምስል በእስክሪብቶ እየነኩ። አንድ ትልቅ ክብ፣ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ክቦች። «ትልቁ የባክቴሪያዋ ጂኖም ነው፤ ዋናው የዘር መረጃዋ። ትንንሾቹ ፕላዝሚድ ይባላሉ። እንደ ትርፍ ቦርሳ ይዛቸው የምትዞር ናቸው።»

ባክቴሪያዋ የተገኘችበትን አፈር ለምርመራ የላኩት የሳይንስ ክበቡ ልጆች አጨበጨቡ። የከውሰር እጅ ግን አልታዘዝ አላት። ከሦስት ወር በፊት እሷና ጓደኛዋ ዕድላዊት ደጋው ላይ ወዳለችው ጨንቻ ወጥተው፣ ከዕድላዊት አያት ከአቶ ኦይታ እንሰት ሥር አፈር እንዲያመጡ ተልከው ነበር። ዝናቡ ጣለና ሚኒባስ ጠፋ። ዕድላዊት «አቦ፣ አፈር አፈር ነው!» ብላ እዚሁ ቆላው ውስጥ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው የአባቷ የሙዝ ማሳ ዛቀች። ከውሰርም እየሳቀች ከረጢቱ ላይ «ጨንቻ» ብላ ጻፈች።

«የሚገርመው፣» ቀጠሉ ቲቸር፣ «አንደኛው ፕላዝሚድ መዳብን እንድትቋቋም የሚያስችላት ጂን ይዟል። መዳብ ያለበት መድኃኒት እዚህ የሚረጨው ሙዝ ላይ ነው። አቶ ኦይታ ደግሞ በዕድሜያቸው ረጭተው አያውቁም! ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለች? ቅዳሜ ሄደን ሥር ድረስ እንቆፍራለን። ‹ለልጆቹ ትምህርት ከሆነ ስድስት እንሰት ይነቀል› ብለውኛል።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ይሄኛው እያደር ከበደ። ከውሰር የባለሱቅ ልጅ ብትሆንም አንድ እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለች። ስድስት እንሰት ማለት ለሽማግሌው ቤት የወራት ቀለብ ነው።

ዕድላዊት ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት። «ከውሲ፣ በናትሽ ዝም በይ። ከክበቡ ያባርሩናል። ደግሞ አያቴ ራሱ ፈቅዷል።»

«የፈቀደው እኮ ስላመነን ነው።»

«እና ልታጋልጪኝ ነው?» የዕድላዊት ዓይን እንባ አቀረረ።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ያለ ዕድላዊት ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ከውሰር አታውቀውም፤ ማወቅም አትፈልግም። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

ቲቸር ኮምፒውተራቸውን እየዘጉ ነበር።

«ቲቸር፣ አፈሩ የጨንቻ አይደለም። የኩልፎ ሙዝ ማሳ ነው። ከረጢቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅኩ።»

«የዛቀውስ?»

«እሱን አይጠይቁኝ።»

ሁለት ሆነው እንደተላኩ ቲቸር አልጠፋቸውም። ቆጣ ብለው አዩዋት፤ ቀጥሎ በረጅሙ ተነፈሱና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ጥሪው ሲጀምር ስልኩን ዘረጉላት።

«ራስሽ ንገሪያቸው። አቶ ኦይታ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ጉድጓዱን ልጀምር ብለው ዛሬ ማለዳ ተነስተዋል አሉ።»

ከውሰር ስልኩን ተቀበለች። ከወዲያ በኩል የአቶ ኦይታ ድምፅ በደስታ «ሃሎ፣ መምህር!» አለ።

«አባባ፣ መምህር አይደሉም፤ ከውሰር ነኝ» አለች። «እባክዎ፣ መቆፈሪያውን ያስቀምጡት።»