አልድን ያለው ትከሻ

የመይሙና ትከሻ ከዳነ ሰንብቷል። ችግሩም መዳኑ ነበር።

ቆቦ ገበያ ዳር ልብስ ስትሰፋ ስትውል አንገቷና ቀኝ ትከሻዋ እንደ ግንድ ደርቀው መቀስ ማንሳት ሲያቅታት ነው ክሊኒክ የሄደችው። እዚያ ሙንተሲር የሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ የዋጃ ልጅ ነው፣ ትከሻዋ ላይ ሽቦ ለጥፎ ከአንዲት ትንሽ ማሽን ጋር አገናኛት። ጡንቻዋ ሲወጠር ማሽኗ ትጮኻለች፤ ሲላላ ዝም ትላለች።

ጉድ እኮ ነው፣ የገዛ ትከሻዋ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። መጀመሪያ ዘና ለማለት ስትታገል ጭራሽ ባሰባት። ኋላ ግን ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ስታወጣ ጩኸቱ እንደሚቀንስ ደረሰችበት። ቤቷም ያለ ማሽን እየሞከረችው እንቅልፏ ተመለሰ።

ማሽኗ ሰው ለምን እንደተወጠረ ታውቅ እንደሆነ ሙንተሲርን ጠየቀችው። መወጠሩን እንጂ ምክንያቱን አታውቅም አላት። አልሀምዱሊላህ አለች በልቧ። ወዳዋለቻ፣ ምን ይደበቃል።

ታዲያ የዳነ ሰው ክሊኒክ ምን ሊሠራ ይመላለሳል? ዘዴ አገኘች። በልጅነቷ ማማ ላይ ወጥታ በወንጭፍ ማሽላ ትጠብቅ ነበር። የግሪሳ ወፍ መንጋ ሲመጣ ስታስብ ትከሻዋ በራሱ ይነሣል፤ ማሽኗም ትጮኻለች። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ሙንተሲር ግን ባልተሻላት ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ብታመም እሱን ምን አስከፋው እያለች ትገረማለች።

አንድ ቀን ማሽኗ እየጮኸች ሙንተሲር ፈገግ አለ።

«መይሙና፣ ግሪሳው የት አረፈ?»

«የምን ግሪሳ?»

«ኮርኒሱ ላይ በዐይንሽ የምትከተይው። እኔም ማማ ላይ ነው ያደግኩት፤ ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ዐይን አይጠፋኝም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አንገቷን ደፍታ እውነቱን አወጣችው።

«ከዳንኩ አላይህም ብዬ ነው።»

ሙንተሲር ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ማሽኗ አሁንም ትጮኻለች።

«እኔ ደግሞ» አላት፣ «የማክማትን ልጅ በሽማግሌ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ እስክትድኚ ነበር የምጠብቀው። ሽማግሌዎቹን ካነጋገርኩ ቆየሁ። በየሳምንቱ መቼ እንሂድ ይሉኛል፣ አልዳነችም እላቸዋለሁ።»

መይሙና ሳቋ መጣ፤ ዐይኗም እንባ አቀረረ። ትንፋሿን ቀስ አድርጋ አወጣች። ትከሻዋ ወረደ፣ ማሽኗም ጸጥ አለች።

«ድናለች በላቸው» አለችው።