አንዲት ንጹሕ ጣት

የካርታ ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። የመሬት ቢሮው ኃላፊ «ራሱን አጥፍቶ ነው፤ እኔ ትናንት ጭራሽ አላየሁትም» ብለው ዛሬውኑ መዝገቡን ሊያዘጉ ቸኩለዋል። የሟች እህት በሩ ላይ ቆማ፣ «ወንድሜ እንዲህ አያደርግም! ስሙን አታጥፉት!» እያለች ታለቅሳለች።

መርማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ደሟ ፈልቷል። መብራት የለም፤ መብራት ሲመጣ ሲስተም የለም። በየግድግዳው ግን «ጭስ በመቀነስ አንደኛ እንሆናለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

የሟቹን እጆች አገላብጣ አየች። ጣቶቹ ሁሉ ጭቃና ናፍጣ ለብሰዋል፤ የቀኝ ሌባ ጣቱ ብቻ ንጹሕ ናት።

ጓሮ ወጣች። ሟቹ ሲሠራው በነበረው የግቢው ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ አዲስ ሣር ለብሷል፤ መሃሉ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ደርቋል፤ ጥጉም ተቆፍሯል።

«አባባ፣ እዚህ ምን ነበር?» አለቻቸው ዘበኛውን።

«ጄኔሬተር ነዋ፣ ልጄ። ለጭስ ቅነሳው ውድድር ከሰማይ ፎቶ ሊያነሱን ነው ተብሎ ዕቃ ቤት ከተትነው። ትናንት መብራት ሲጠፋ ኃላፊው አስነሳ አሉኝ፤ አስነስቼ ወደ በር ተመለስኩ።»

ዕቃ ቤቱንና የሟቹን ክፍል የሚለያቸው ስስ ችፑድ ነው። ችፑዱ በጥላሸት ጠቁሯል።

የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠራችው። «ካርታው መቼ ጸደቀ?»

«ትናንት ከሰዓት። መጀመሪያ የኃላፊው የይለፍ ቃል ይገባል፣ ቀጥሎ የሟቹ አሻራ። ግን እኮ ሟቹ ‹ጄኔሬተር የቆመበትን አትክልት ቦታ ነው አልልም› ብሎ ነበር!»

«የአሻራ ማሽኑ የሞተ ሰው ጣት ይቀበላል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ሣሩን ቆፍሮ ናፍጣውን አይቷል» አለች። «ክፍሉ ሲመለስ ጭሱ በችፑዱ አልፎ ጣለው። እስከዚህ አደጋ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ገባ። የቆሸሸ ጣት ስለማይነበብ አንዷን ጠርጎ ማሽኑን አስነካ። ያለ እርስዎ የይለፍ ቃል ደግሞ ገጹ አይከፈትም፣ ጌታዬ።»

«የሞተ መስሎኝ...» አመለጣቸው ኃላፊውን።

«ማሽኑ ተቀብሎታል እኮ! ይተነፍስ ነበር። ወደ ውጭ ቢጎትቱት ይተርፍ ነበር።»

ኃላፊው ተይዘው ሄዱ። መርማሪዋ ኮምፒውተሩ ላይ መዝገቡን ከፍታ «ራሱን አጥፍቷል» የሚለውን ሰረዘችና «የጄኔሬተር ጭስ» ብላ ጻፈች። የፖሊስና የመሬት ቢሮው ሲስተም የተያያዘ ነውና ወዲያው መለሰባት፤ «ቦታው አትክልት ነው። ጄኔሬተር የለም። ያስተካክሉ።» ደጋግማ ሞከረች፤ እምቢ አላት። ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው።

እህቲቱ እንባዋን ጠርጋ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። «አትክልት ነው ብሎ ያጸደቀው ማን ነው?»

«ወንድምሽ ይላል» አለች መርማሪዋ፣ ቀና ብላ ማየት አቅቷት።