የአክስት እጅ

«እጅ ከሆነማ ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ!» ብላ ነበር ልጅቷ ጠዋት ለአክስቷ የፎከረችው፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ። አሁን ዓይኗን በግድ ከፍታም መስመሩ ይወላገድባታል። ወገቧ ተቆርጧል፣ ጣቶቿ ቀለም ጠጥተዋል፣ ሆዷ ይጮኻል።

አክስቷ ለሕክምና መጻሕፍት ስዕል የምትስል ናት። ግራ እጇን መዳፉን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታላታለች፤ በቀኟ ደግሞ ለሌላ መጽሐፍ ኩላሊት ትስላለች። ስምምነታቸው ግልጽ ነው። መጽሐፉን የሚያዘጋጀው ሐኪም ይህን የእጅ አንጓ ስዕል ከተቀበለው፣ ልጅቷ የትምህርት ቤት እረፍቷን እዚህ ስዕል እየተማረች እንድታሳልፍ አክስቷ እናቷን ታግባባለች። ካልተቀበለው፣ የእረፍቱ ጊዜ እናቷ ባስመዘገበቻት የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ያልቃል።

«አክስቴ፣ ትንሽ ሰው ልሁን፣ ልነሳ?»

«መጀመሪያ መስመርሽ ሰው ይሁን። ያየሽውን ብቻ ሳዪ።»

እንደምንም ጨረሰች። በየመጽሐፉ የምታውቀው፣ በአንጓው መሐል የሚያልፈው ቀጭኑ ጅማት ስዕሉ ላይ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሏል። ድካሟን ረስታ በራሷ ልትኮራ ስትል፣ አክስቷ ላጲሱን በግራ አውራ ጣቷና በትንሿ ጣቷ ቆንጥራ አንጓዋን አጠፍ አደረገች። ቆዳው ልስልስ እንዳለ ቀረ፤ ምንም ጅማት አልታየበትም።

ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ሥር ደብቃ የራሷን አንጓ እንደዚያው አጥፋ ሞከረች። ጅማቱ ብቅ አለ። የአክስቷን ደግማ አየች። የለም! አንዳንድ ሰው ይህ ጅማት ከተፈጥሮውም እንደሌለው አንድ ቀን ሰምታ ነበር፤ በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ ወጣ እንጂ።

ሐኪሙ ስዕሉን ሊወስድ እየመጣ ነው። የማን እጅ ነው ብሎ አይጠይቅም። ደግሞ እንዴት ያምራል!

ግን ያላየችው ነው፤ ምላጭ አነሳችና የጅማቱን መስመር መፋቅ ጀመረች። ወረቀቱ ተቀደደ። ማልቀስም ደከማት። በረጅሙ ተነፈሰችና አዲስ ወረቀት ዘረጋች።

ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ላስተምርሽ? አንቺ እኮ የመሐል ጅማት የለሽም! እኔ ነኝ ያወቅኩት።»

አክስቷ ከኩላሊቱ ቀና አላለችም።

«አንቺ ቀባጣሪ፣ እጁ እኮ የኔ ነው! የሌለኝን ጅማት ስታበቅዪልኝ ከጠዋት ጀምሮ ሳይሽ ነበር። አሁን ዝም ብለሽ ሳዪ፤ እጄ ደንዝዞብኛል።»