የኸይረዲን ትንፋሽ

የጀልባው ገመድ አሳሪ ሰማው በጀልባውና በመሳፈሪያው ግንብ መካከል ተጨፍልቆ ሲሞት ገመዱን ገና ከእጁ አልለቀቀም ነበር።

ኮሮና ጋብ ባለበት ዓመት ነው፤ ከሪያድ ዳር ባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ። የጀልባዎቹ ባለቤት ድርጅት ሱለይ ሰፈር ያለውን መጋዘኑን ጠባቂ ወልደጊዮርጊስን ለሳዑዲው ፖሊስ መኮንን እንዲያስተረጉም አስጠራ። ሰውየው ባሕር ዳር ሳለ የጀልባ አደጋ የሚያጣራ ፖሊስ ነበርና አስተርጉም ብቻ ቢሉት አርፎ የሚቀመጥ አይደለም።

ደንቡ ግልጽ ነው። አደጋ ያደረሰ ጀልባ ነጂ ትንፋሹ ይለካል፤ እስኪለካም አፉ ምንም አይገባም። ነጂው ኸይረዲን መለኪያውን ሲነፋ ቁጥሩ አሻቀበ። ጠጥቶ ሰው ገደለ ከተባለ እስር ቤት ከርሞ በተርሒል ወደ አገሩ መሸኘቱ ነው።

«ወላሂ አልጠጣሁም፣ ጋሼ!»

«ከአደጋው ወዲህ አፍህ ምን ገባ?»

«ከንፈሬ ሲደማ አለቃ ኢሊያስ ከጠርሙስ ቀድቶ ተጉመጥመጥ አለኝ። መድኃኒት ነው ብሎ።»

ኢሊያስ ሳቀ። ሳቁ ወልደጊዮርጊስን ደስ አላሰኘውም።

«ውሸት ነው፣ ወንድሜ። ሶላት ደርሶ ሲተጣጠብ፣ ዉዱእ ሲያደርግ ነው የተጉመጠመጠው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃ ነው፣ ኸላስ!»

ቲኬት ቆራጯ ጸደንያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ሰማው ጠዋት አለቃን ‹የኋላ ማርሹ አይገባም፣ ጀልባው ሲያቆሙት አይቆምም፤ አይውጣ› ሲለው ሰምቻለሁ። አለቃ ግን ለኸይረዲን ‹ተሠርቷል› አለው።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» አላት ወልደጊዮርጊስ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ወልደጊዮርጊስ የኸይረዲንን ክንዶች ትክ ብሎ አየ። ከዚያም መኮንኑን ሃያ ደቂቃ አስታግሦ በድጋሚ አስለካ። ዜሮ!

ሁሉንም ግንቡ ላይ ሰብስቦ፣ በአማርኛም በዐረብኛም እየደገመ አስረዳ።

«ሰው ከጠጣ በሃያ ደቂቃ አይጠፋለትም። ሲጉመጠመጡ አፍ ውስጥ የቀረ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ልጁ የተጉመጠመጠው ውሃ አይደለም። ኢሊያስ፣ ዉዱእ አደረገ አልክ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ነገር ግን ስምንት ዓመት ከሙስሊሞች ጋር አንድ ክፍል ኖሬያለሁ። ዉዱእ ከእጅ ይጀምራል፣ እስከ ክርን ይታጠባል። ይኸው፣ ሰማውን ሲያወጣ የነካው ደም እስከ ክርኑ ደርቋል! አፍ ብቻ የሚታጠብበት ዉዱእ የት አገር ነው?»

ኢሊያስ ወደ ውሃው ዞረ።

«ነጂው ሰካራም ከተባለ ማርሹን ማን ይመረምራል? አንተም የፈለግኸው ይህንኑ ነው» አለው ወልደጊዮርጊስ።

መኮንኑ ማርሹን አስሞከረ። አልገባም። የኢሊያስ ቦርሳ ሲበረበርም አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ተገኘ።

«ኸይረዲን፣ ወንድሜ» አለ ኢሊያስ፣ «አንተ ቢበዛ አገርህ ትገባለህ ብዬ እኮ ነው።»

ኸይረዲን እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰም ነበር። አሁን እንባው ወረደ።

«ሰማውስ? እሱ የት ይግባ?»