ምዕራፍ አሥራ አራት ላይ የገባ ሰው

ኮምፒውተሩ አንባቢዋን የከለከላት በአንቱታ ነበር። «ይህን ለማድረግ ፈቃድ የለዎትም። የሥርዓቱን አስተዳዳሪ ያነጋግሩ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ነው። ጉሮሮዋን በለብ ያለ ውሃ አርሳ፣ ማይክሮፎኑን አስተካክላ፣ የምዕራፍ አሥራ አራትን የመጀመሪያ ገጾች አንብባ «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን ይህን አመጣባት። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ከለከላት። ያነበበችውን ሁሉ ውሃ በላው።

የምትሠራው ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በድምፅ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳቸው በስፖንጅ የተለበጠ ስድስት ጠባብ ክፍሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንባቢ ይቀመጣል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሁሉም በየራሱ ኮምፒውተር ላይ ነበር የሚቀዳው። ቅዳሜ ዕለት ግን አዲስ የመቅጃ ፕሮግራም መጣና ምድር ቤት ባለው፣ ያለቁ መጻሕፍት በሚቀመጡበት የጋራ ሰርቨር ላይ ተጫነ። ስድስቱም በየስማቸውና በየይለፍ ቃላቸው እየገቡ በእሱ እንዲሠሩ ተነገራቸው።

ስልኩን አንስታ ወደ ምድር ቤት ደወለች።

«መቼ ጀመረው?» አለ የወንድ ድምፅ።

ስም ያወጣለት ይኸው ጥያቄው ነው። የሰርቨሩ ባለሙያ ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ማንም ሲደውልለት አስቀድሞ «መቼ ጀመረው?» ስለሚል መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ሐኪሙ» ብሎታል። አንባቢዋ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አይታው አታውቅም።

«አሁን ነው የጀመረው። ይከፈታል፣ ድምፄንም ይቀበላል፤ አስቀምጥ ስለው ግን ፈቃድ የለዎትም ይለኛል።»

«በእኔ በኩል እኮ ያለ ምንም ችግር ያስቀምጣል።»

«እንግዲያው መጽሐፉን እርስዎ ያንብቡልኛ!»

ከስልኩ ማዶ ሳቅ ተሰማ። «እኔ ካነበብኩትማ ሰሚ አይተርፍም። መጣሁ።»

ውጪ ፀሐይዋ እየነደደች፣ እሱ ወፍራም ሹራብ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ገና ሳትጠይቀው «ታች ብርድ ነው፤ ሰርቨሩ ሙቀት አይወድም» አላት። ጎንበስ ብሎ የኮምፒውተሩን ሰሌዳ አየ፣ አንዳንድ ነገር ነካካ፣ ከዚያ ዐይኑ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተዘረጋው መጽሐፍ ሄደ። በየመስመሩ መካከል በእርሳስ ትናንሽ ጭረቶች ተሠርተውበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ።»

ጭረቶቹን ተመለከተ። ሰው ፎቶግራፍ የሚያየውን ያህል ቆየ። እሷም ሳታስበው ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ችግሩ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ታወቀ። ስድስቱም ክፍሎች ያው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ምን ያስጨንቅሃል? ሁሉንም አድሚን አድርጋቸውና ተገላገል!» አሉት።

«አይሆንም፣ ጌታዬ። አድሚን የሆነ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ሥራ ማጥፋት ይችላል። ፕሮግራሙ ምን እንደከለከላቸው ልፈልግ።»

«እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ፈልግ። ካላገኘህ ወይ ያልኩህን ታደርጋለህ፣ ወይ የሙከራ ጊዜህ እዚያ ላይ ያበቃል።»

ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ብቻ አለ። ይህቺ እሺታ አንባቢዋን አንጀቷን በላቻት።

ማክሰኞ ጠዋት በእጅ የምትያዝ ትንሽ መቅጃ ይዞ መጣ። «የራሴ ናት። የእርስዎ መጽሐፍ እንዳይቆም ብዬ ነው።» በደንብ መያዟን ለማረጋገጥ ከክፍሉ መስታወት ውጪ ወንበር ስቦ፣ ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ አጥልቆ ተቀመጠ። እሷ ምዕራፍ አሥራ አራትን እንደገና ጀመረች። መጽሐፉ የአንዲት መርከብ ታሪክ ነው፤ በዚህ ምዕራፍ መርከበኞቹ ከአርባ ቀን በኋላ የብስ ያያሉ። በየጭረቱ ቀና ባለች ቁጥር ሰውየው ያው ነው፤ አልተነቃነቀም። ሃያ አምስት ደቂቃ አነበበች። ስትጨርስ ማዳመጫውን አወለቀና በሩን ከፈተ።

«ግሩም ነሽ» አለ። ወዲያው ክው አለ። «ማለቴ... ነዎት።»

«ነሽ ይሻላል» አለች፤ አለችና ፊቷን ወደ መጽሐፉ መለሰች።

አባቷ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ዐይናቸው ከጠፋ አምስት ዓመት ሆኗል፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማንም ሳይሰማው የእሷን ንባብ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ የተለመደው ወንበራቸው ላይ ሆነው ምዕራፍ አሥራ አራትን ሰሙና መሐል ላይ እጃቸውን አነሱ።

«አቁሚው እስቲ። እዚህ ጋ ማን ገባ?»

«የት አባባ?»

«ምዕራፍ አሥራ አራት ላይ ነዋ! እስከ አሥራ ሦስት ብቻሽን ነበርሽ። አሁን ግን ለሆነ ሰው ነው የምታነቢው።»

«አባባ ደግሞ! መቅጃው ስለተቀየረ ነው።»

«መቅጃ ፈገግ አይልም፣ ልጄ።»

ጆሮዋ ጋለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መድኃኒቱን አገኘ። ፕሮግራሙ ሲሠራ የድምፁን ረቂቅ የሚጽፈው እዚያው የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ነው፤ ያንን ፎልደር ተራ ተጠቃሚ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ለረቂቁ ሌላ ቦታ አዘጋጀና፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አንባቢዎቹ እንዲጽፉ ፈቀደ። አምስቱ ክፍሎች ሥራ ጀመሩ። የእሷ ግን «ፈቃድ የለዎትም» ማለቱን አልተወም። ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ወረደ፤ አልተገኘለትም።

ሐሙስ ጠዋት አራሚዋ ብቅ አለች። አራሚዋ የተቀዳውን ሁሉ እየሰማች ሳሉንም፣ የወንበር ሲጥታውንም እየቆረጠች የምታወጣ፣ ምላሷ የማያርፍ ትልቅ ሴት ናት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እኮ፣ እህቴ! የአምስቱ ድኖ ያንቺ ብቻ የማይድነው ለምን ይመስልሻል?»

«ለምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ሐኪሙ በሽተኛዋን ወዷታል። ካዳናት በምን ሰበብ ይመለስ?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ለቀልድ ነው ያለችው። አንባቢዋ ግን ነገሩን እያላመጠች ቀረች። መጽሐፉ በወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት፤ በትንሿ መቅጃ የያዘችውን ሁሉ ደግሞ እንደገና ማስተካከል ሊኖርባት ነው። የሰው ሥራ መጫወቻ ነው እንዴ? ልክ በዚያች ሰዓት በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሙ ባዶ እጁን ቆሟል።

«እንዴት አደ...»

«ሆን ብለህ ነው አይደል? የሁሉንም አስተካክለህ የእኔን የተውከው እየተመላለስክ ልትጫወትብኝ ነው!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ፊቱን ያየችው። ደሙ ከላዩ ላይ ተሟጥጦ ነበር።

«እንደዚያ ነው የምታስቢኝ?» አለ፤ በሩንም ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።

አመሻሹ ላይ አባቷ ምዕራፍ አሥራ ስድስትን ጥቂት አዳመጡና «ሰውየው ወጣ እንዴ?» አሏት።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሹራቡን፣ ጭረቶቹን፣ «ነሽ ይሻላል» ያለችውንም ሳይቀር።

«ጠይቀሽዋል?» አሉ አባቷ።

«ምኑን?»

«ሆን ብሎ እንደሆነ። ጠይቀሽው ነው ወይስ ፈርደሽበት ነው የመጣሽው?»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አራት ቀን ሙሉ እሱ ነው ደረጃ የወጣው። ነገ አንቺ ውረጂ።»

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወረደች። የሰርቨሩ ክፍል እውነትም ብርድ ነው፤ የማቀዝቀዣው ጩኸት ደግሞ ሰው አያነጋግርም። ሐኪሙ በወረቀት ተከቦ ተቀምጧል፤ ወረቀቶቹ ላይ ከሰኞ ጀምሮ የእሷ ኮምፒውተር ያመጣው መልእክት ሁሉ ከነሰዓቱ ተጽፏል። ቀና ብሎ አያት፤ አልተቆጣም፣ አልሳቀምም።

«ትናንት መጠየቅ ሲገባኝ ፈረድኩ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አሁን ልጠይቅህ። ሆን ብለህ ነው?»

«ችግሩን ማለትሽ ከሆነ፣ አይደለም። እናቴን!» አለ። ጥቂት አሰበና ቀጠለ። «ትናንት የመጣሁት ግን ለሥራ አልነበረም። እንዴት አደርሽ ልልሽ ብቻ ነው ሰባ ሁለት ደረጃ የወጣሁት። እሱንም አላስጨረስሽኝ።»

«አሁን ጨርሰዋ!»

«እንዴት አደርሽ?»

«አልተኛሁም» አለች። ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ፤ ሳቃቸው ከማቀዝቀዣው ጩኸት በለጠ።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለና ወንበሩን ለቀቀላት። «ስህተቴ ዛሬ ጠዋት ነው የገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ የምፈትሸው በራሴ መግቢያ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ክፍት ነው። አንቺ የምታዪውን አንድም ቀን አላየሁትም። እስቲ በራስሽ ስም ግቢልኝ።»

የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የእሷ ስም የት የት እንደተመዘገበ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። «አንባቢዎች» ይላል፤ ልክ ነው። ወደ ታች ወረዱ። «ተለማማጆች» ይላል።

«ተለማማጅ ነሽ እንዴ?»

«ከሦስት ዓመት በፊት ነበርኩ! ያኔ ምንም ነገር እንዳንነካ ይከለክሉን ነበር።»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ይኸው! ከዝርዝሩ ያወጣሽ ሰው የለም። አንባቢ ነሽ ብዬ ፈቀድኩልሽ፤ ተለማማጅ ነሽ ብሎ ከለከለሽ። ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ ክልከላው ነው የሚረታው።»

ስሟን ከተለማማጆች አወጣ። «አሁን ውጪና እንደገና ግቢ።»

ወጣች፣ ገባች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀዳች፣ «አስቀምጥ» አለችው። ተቀመጠ። ያለ አንዳች ማንገራገር! ዘላ ተነሥታ እጁን ያዘችው፤ ለመጨበጥ ነበር፣ ግን መልቀቁን ሁለቱም ረሱት።

ሥራ አስኪያጁ የደረሱት እንደዚያ ሆነው ሳለ ነው። አፋቸውን ሳይከፍቱ አንባቢዋ ቀደመቻቸው።

«ድኗል፣ ጌታዬ! አድሚንም አያስፈልገንም። ቀደም ሲል ሁላችንም የሰርቨሩ አድሚን በነበርንበት ጊዜ አንድ ሰው የራሱን አጸዳለሁ ብሎ አርባ መጽሐፍ ማጥፋቱን ረሱት? አንዱ እኮ የእኔ የሁለት ወር ድካም ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ የተያያዙትን እጆች አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... የሙከራ ጊዜው አልቋል ማለት ነው። በጥሩ» ብለው ተመለሱ።

በሳምንቱ እሑድ ምሳ ላይ አባቷ እንግዳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ጋዜጣ እንዲያነብላቸው ጠየቁት። ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ አነበበ። ነጠላ ሰረዝ ላይ ይሮጣል፣ ቃል መሐል ላይ ይቆማል። አባቷ እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ።

«ልጄ፣ ለንባብስ አልተፈጠርክም። በል ስለ ራስህ አውራኝ፤ እሱን መቼም በቃልህ ታውቀዋለህ።»

አወራቸው። ልብስ ሰፊ ስለሆነችው እናቱ፣ በልጅነቱ ፈታትቶ መግጠም ስላቃተው የጎረቤት ሬዲዮ አወራ። አባቷ ጣልቃ ሳይገቡ አዳመጡ። በመጨረሻ፣ ቀን ላይ ተኝተው የማያውቁት ሰውዬ «እንቅልፌ መጣ» ብለው በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሁለቱን ሳህን አጠባ ላይ ትተዋቸው ሄዱ።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን እሱ ሲወጣ፣ እሷ ስትወርድ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተገናኙ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ አንቺ። አንቺስ?»

«ወደ አንተ።»

የደረጃውን እጀታ ያዘ። «ሦስት ሳምንት ስለማመደው የከረምኩት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ታገቢኛለሽ?»

ልቧ ዘለለ። ወዲያው ግን ፊቷ ላይ ጥላ አለፈ። «አባባስ? ብቻቸውን...»

«አባባንማ ቀድሜ ጠይቄአቸዋለሁ። ‹እሷ ለምን ትወጣለች? ቤቱ ሰፊ ነው፣ አንተ ግባ› ብለውኛል።»

«አገባሃለሁ!» አለች።

አለች ሲባል ግን ጮኸች ማለት ነው። ለዓመታት በንባብ የተገራ ድምፅ ደረጃው ላይ አስተጋብቶ ሦስቱንም ፎቅ አዳረሰው። በሮች ተከፈቱ፣ ጭብጨባ ሆነ። ያን ቀን አንዱ አንባቢ ሙቀቱ አልቻል ብሎት የክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ፣ ስለ ንብ እርባታ የሚያስተምር መጽሐፍ እየቀዳ ነበር። አራሚዋ በማግሥቱ ስትሰማው የጩኸቱን ቦታ አገኘችው፤ ሥራ ሥራ ነውና ቆርጣ አወጣችው፤ ግን አልጣለችውም።

በሠርጉ ቀን አራሚዋ ተነሥታ «የእኔ ስጦታ ይሄ ነው» አለችና ማጫወቻውን ከፈተች። አዳራሹ ጸጥ አለ። የአንባቢው ረጋ ያለ ድምፅ ተሰማ፦

«ንግሥቲቱ ንብ ዕድሜዋ ለበረራ እንደደረሰ፣ ከቀፎዋ አፍ ላይ ቆም ብላ አካባቢዋን ከቃኘች በኋላ...»

«አገባሃለሁ!»

ሙሽራዋ ፊቷን በአበባዋ ሸፈነች፤ ሙሽራው ከሳቁ ብዛት ጠረጴዛውን ተደገፈ። አባቷ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው፣ «እስቲ ድገሚው! እስቲ አንዴ ድገሚው!» ይሉ ነበር።